ስናድር፣ ፋሬ እና ፕሮሰሰር

«ማዘርቦርዱ ይቆይና ፕሮሰሰሩን ብቻ ልቀይረው?» ይህን ጥያቄ ማጀቴ ላይ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተውም፣ አዲስ አበባ ላይ ቪዲዮ የሚያቀናብረውም ይጠይቀዋል። አዲሱ ፕሮሰሰር የሚገዛው ከነማዘርቦርዱና ከነራሙ ነው። አሮጌው ሶኬት ላይ የሚገባ፣ ለሁለት ሦስት ዓመት የሚያሻግር ቺፕ ደግሞ በርካሽ ይገኛል። ይገዛ ወይስ ይጠበቅ? እኛ መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስናድር። በስሙ የምናውቀው ይህ ጠመንጃ ሲፈጠር ጀምሮ ማሻገሪያ ነበር። ፕሩሲያዎች በ1864ቱ የዴንማርክ ጦርነት ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ምን እንደሚሠራ ሲያሳዩ፣ እንግሊዞች በእጃቸው የነበረው በአፈሙዙ የሚጎርሰው ኤንፊልድ ነበር። አዲስ እስኪነደፍ መጠበቅ አስፈራቸው። ስለዚህ ሰደፉንና ብረቱን እንዳለ ትተው፣ የኋላውን ቆርጠው የጄከብ ስናይደርን መዝጊያ ገጠሙበት። ማዘርቦርዱ ሳይነካ ፕሮሰሰሩ ተቀየረ ማለት ነው! በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይተኩስ የነበረው ወታደር አሥር ጊዜ ያህል መተኮስ ቻለ። በ1871 ማርቲኒ ሄንሪ መጣና ስናድር አረጀ።

በመሐሉ ግን 1868 አለ። በዚያ ዓመት የስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ ሥር እሮጌ ላይ፣ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር የወረደው በስናድር ፊት ነው። የኛ ሙታን በመቶዎች፣ የእንግሊዝ ሙታን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ማሻገሪያው ለባለቤቱ ዋጋውን መለሰ፤ ዕዳውን የከፈልነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ይፋት ቆላ እንውረድ። ፋሬ ከአንኮበር በታች የሸዋ በር ነበረች፤ ከታጁራ በአፋር በረሃ የመጣ ግመል ጭነቱን የሚያራግፈው እዚያ ነው። በ1887 መጀመሪያ በዚህ በር ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ የገባው ግጥሙን እርግፍ አድርጎ የተወው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነበር። ዕቃው ግን አሮጌ ነው፤ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ አውሮፓ ከአርባ ዓመት በፊት የጣለው። ራሱ ራምቦ ለቤተሰቡ እንደ ጻፈው አውሮፓ ውስጥ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣው፣ ለምኒልክ 40 ፍራንክ ያህል ይሸጣል።

ንጉሥ ምኒልክ ተሞኙ እንዴ? አይመስለንም። አንደኛ፣ የዚህ ጠመንጃ ባሩድ እዚሁ ይወቀጣል፤ ረሚንግተን ግን ፋብሪካ የሠራው ጥይት ካልመጣለት ዱላ ነው። ሁለተኛ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ተስማምተው በ1886 የመሣሪያውን ንግድ ከባሕሩ ዳር ዘግተውት ነበር፤ ራምቦ ያለፈው ደብዳቤ ጽፎ፣ ለምኖ ነው። መንገዱ ነገ መከፈቱን ለማያውቅ ሰው «ልጠብቅ» ማለት በነጻ አይደለም። ደግሞም የተጠየቁትን አልከፈሉም። ጠመንጃውን በጅምላ አስቀንሰው ገዙ፣ የሞተውን የራምቦን ሸሪክ የላባቱን ዕዳም ቆረጡበት። ነጋዴው እያለቀሰ ወደ ሐረር ሄደ። (አናዝንለትም።)

ያው 1886 ፈረንሳይ ለበልን የታጠቀችበት ዓመት ነው። ለበል ሲመጣ ውጅግራ ትርፍ ሆነ፣ ረከሰ፤ በ1896 አድዋ ላይ በኛ ሰዎች እጅ የታየው በብዛት እሱ ነው። የተጠበቀው ነገር በመጨረሻ መጣ፤ በመሐሉ ያሉትን ዓመታት ግን አሮጌውም መሸፈን ነበረበት።

የኮምፒውተሩም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኢንቴል በ1995 ለ486 ማዘርቦርድ ፔንቲየም ኦቨርድራይቭ የሚባል ቺፕ ሸጦ ነበር። ውስጡ ፔንቲየም፣ መንገዱ ግን የ486ቱ ባለ 32 ቢት ሆነና እውነተኛውን ፔንቲየም ሳይደርስበት ቀረ፤ በዚያ ላይ የፔንቲየም ዋጋ በየጊዜው ይወርድ ነበር። እዚያ መጠበቅ ያዋጣል። በ2017 የኤኤም4 ማዘርቦርድ የገዛ ግን፣ ባዮሱን አድሶ የ2020ውን ራይዘን 5000 ሊያስገባበት ይችላል። ያኛው ስናድር ነው።

«ቆይ፣ ይረክሳል» የሚለው የፈረንጅ ምክር ደግሞ እዚህ ይሰናከላል። ሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ ከ57 ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቺፑ አሜሪካ ውስጥ ረክሶ መርካቶ ላይ ይወደዳል።

ለማጀቴው ወዳጃችን ግን አንድ ነገር እንጠይቀው። ኮምፒውተርህ የሚንቀራፈፈው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ስላለው ይሆን? ከሆነ ፕሮሰሰሩን ተወውና ኤስኤስዲ ግዛ፤ እሱን ነገ ወደ አዲሱ ማሽን ይዘኸው ትሄዳለህ።