የፕሬዚዳንቱ ላንቃ

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1842 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) አሜሪካን በጐበኘ ጊዜ እጅግ ካስቀየሙት ነገሮች አንዱ ትምባሆ እያኘኩ መትፋት ነበር። በዋሽንግተን በፍርድ ቤቱ ለዳኛውም ለምስክሩም ለእስረኛውም መትፊያ ተቀምጦላቸው፣ የምክር ቤቱም ምንጣፍ በምራቅ ተበላሽቶ አገኘው። የደራሲው ቅሬታ ስለ ንጽሕና ብቻ ነበር፤ ልማዱ አፍን የሚበላ ነቀርሳ እንደሚያመጣ በዚያን ጊዜ በሰፊው አይታወቅም ነበርና።

ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ከቤተ መንግሥት ደረሰ። በሰኔ 1893 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ በግራ በኩል በላንቃቸው ላይ የሻከረ ቁስል አገኙ። ሲጋር አብዝተው ያጨሱ ነበር፤ ትምባሆም ያኝኩ እንደ ነበር ይነገራል። ከቁስሉ ጥቂት ተቆርጦ የባለቤቱ ስም ሳይነገር ተመረመረና ነቀርሳ ሳይሆን እንደማይቀር ታወቀ። በዚያን ወራት ባንኮች ይዘጉ፣ ገንዘብም በወርቅ ይመዘን ወይስ በብርም ጭምር በሚለው ክርክር አገሪቱ ትታወክ ነበር። ምክትላቸው አድላይ ስቲቨንሰን በዚህ ክርክር የብር ወገን ስለ ነበሩ፣ የፕሬዚዳንቱ ሕመም ቢሰማ ድንጋጤው ይብሳል ተብሎ ተፈራ።

ስለዚህ በሐምሌ መባቻ ዋዜማ ኦናይዳ በምትባል የወዳጃቸው የመዝናኛ መርከብ ላይ ተሳፈሩ። በወንበር ተቀምጠው፣ ዶክተር ጆሴፍ ብራያንት ከረዳቶቹ ጋር ከላይኛው መንጋጋቸው የግራውን ጎን ብዙውን ክፍል ቆርጦ አወጣ። ፊታቸው ላይ አንድም ጠባሳ እንዳይታይ ሥራው ሁሉ በአፍ ውስጥ ተከናወነ፤ ጢማቸው እንኳ አልተላጨም። ጐድጓዳውን የሚደፍን የጎማ መንጋጋ ተሠራላቸውና ንግግራቸው እንደ ቀድሞው ሆነ።

በነሐሴ ኢ. ጄ. ኤድዋርድስ የተባለ ጋዜጠኛ እውነቱን በፊላዴልፊያ ጋዜጣ አወጣ። የፕሬዚዳንቱ ወገኖች የጥርስ ሕመም ነው ብለው አስተባበሉ፤ ጋዜጠኛውም ውሸታም ተባለ። ምስጢር መጠበቅ የመንግሥት ሠራተኛ ግዴታ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን እውነት የተናገረን ሰው ስም ማጥፋት ምስጢር መጠበቅ ነው ለማለት አልደፍርም። ኤድዋርድስ ነጻ የወጣው ከቀዶ ጥገናው ሐኪሞች አንዱ የነበሩት ዶክተር ዊልያም ኪን ታሪኩን በጽሑፍ በገለጡበት በ1917 ዓ.ም. ነው።

ክሊቭላንድ ግን ሌላ አሥራ አምስት ዓመት ኖረው በ1908 ዓ.ም. በልብ ሕመም ዐረፉ። የአፍ ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ ወደ አንገት ዕጢዎች ሲዛመት እሳቸው እንዴት ተረፉ? በ1948 ዓ.ም. ሎረን አከርማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ኪንታሮት መስሎ ቀስ ብሎ የሚያድግና ወደ ሌላ አካል እምብዛም የማይዛመት የአፍ ነቀርሳ ለይቶ ገልጦ ነበር፤ ይህም ትምባሆ በሚያኝኩ ሰዎች ዘንድ የሚታይ ነው። በፊላዴልፊያ ቤተ መዘክር በጠርሙስ ተቀምጦ የቆየው የፕሬዚዳንቱ ሥጋ እንደ ገና ሲመረመር ያው ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱም በ1980 ዓ.ም. ታተመ።

ሌላው ሕመምተኛ ሁሉ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ትምባሆ ከአልኮል መጠጥ ጋር ሲገናኝ አደጋው ከሁለቱ ድምር ይበልጣል፤ በሕንድ ብዙዎች ከትምባሆ ጋር የሚያኝኩት የአሬካ ፍሬም ብቻውን ነቀርሳ አምጪ መሆኑ በ2004 ዓ.ም. ተረጋግጧል። የአሜሪካ መትፊያዎች ከአደባባይ መነሣት የጀመሩት ግን ነቀርሳ ተፈርቶ አልነበረም። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ በ1882 ዓ.ም. ስለ ተገኘ፣ ኒው ዮርክ በ1896 ዓ.ም. በአደባባይ መትፋትን ከለከለች፤ አኛኪውም ብዙም ሳይቆይ ወደ ሲጋራ ዞረ።