የውሸት መመርመሪያ መሣሪያና ወጣት ጥፋተኞች

የመሣሪያዎች ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የሠሪው ስም ነው፤ መሣሪያው ከአቅሙ በላይ ሲታመንበት የሚደርሰው ጉዳት ግን እምብዛም አይነገርም። ፖሊግራፍ በአሜሪካ አገር በወጣት ጥፋተኞች ላይ የዋለበት ታሪክ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ከሁለት ምንጮች ይነሣል። አንደኛው የርኅራኄ ምንጭ ነው። በ1841 ጆን አውግስጦስ የተባለ የቦስተን ጫማ ሠሪ አንድ ሰካራም እንዳይታሰር ዋስ ሆኖ ከችሎት ተረከበው። ጥፋተኛው በመታሰር ፈንታ በተቆጣጣሪ ሥር ሆኖ መታረሙን የሚያሳይበት የፈተና ጊዜ ከዚህ ተግባር አደገ። በ1899 ደግሞ በቺካጎ የመጀመሪያው የወጣቶች ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ ዓላማውም ልጁን ከመቅጣት ይልቅ ማረም ነበር።

ሁለተኛው ምንጭ ቤተ ሙከራ ነው። በ1921 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ፖሊስ ባልደረባ የነበረው የፊዚዮሎጂ ምሁር ጆን ላርሰን የደም ግፊትንና አተነፋፈስን በአንድነት የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። ቆይቶም ወደ ቺካጎ ሄዶ በወጣቶች ምርምር ተቋም ሠራ። ተቋሙ በ1909 የተመሠረተው ወደ ወጣቶች ፍርድ ቤት የሚቀርቡትን ልጆች ጠባይ ለማጥናት ነበር። ሁለቱ ምንጮች በዚህች ከተማ ተገናኙ።

መሣሪያው በኋላ በላብ ምክንያት የሚለዋወጠውን የቆዳ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነትም መለካት ጀመረ። ይሁን እንጂ ውሸትን የሚለካ አንድም ክፍል የለውም። ከተመዘገበው መስመር ተነሥቶ «ይህ ልጅ ዋሽቷል» የሚለው መርማሪው ነው። ዋሾ ይደነግጣል፤ እውነተኛም እንዳይታመን ሲፈራ ይደነግጣል። የዋሺንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1923 በፍራይ ጉዳይ የመሣሪያው ቀዳሚ የነበረውን የደም ግፊት ምርመራ በማስረጃነት ያልተቀበለው፣ በሙያው ዘንድ በቂ ተቀባይነት ስላላገኘ ነው። ላርሰን ራሱም በኋለኛው ዘመኑ የመሣሪያውን አጠቃቀም በብርቱ ተቃውሟል።

የልጆቹን መብት በሚመለከት ትልቁ ፍርድ የተሰጠው በ1967 ነው። ጄራልድ ጎልት የተባለ የ15 ዓመት የአሪዞና ልጅ በፈተና ጊዜ ላይ ሳለ ነውረኛ ቃል በስልክ ተናግሯል ተብሎ ተከሰሰ። ያለ ጠበቃ፣ ከሳሿም ሳትቀርብ፣ ሰጠ በተባለው ቃል እስከ 21 ዓመቱ በማረሚያ ተቋም እንዲቆይ ተፈረደበት። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ቢሆን ቅጣቱ ከ5 እስከ 50 ዶላር ወይም ከሁለት ወር የማይበልጥ እስራት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሽሮ፣ ልጅም ጠበቃ የማግኘትና በራሱ ላይ ያለመመስከር መብት እንዳለው አወጀ።

ዳሩ ግን በችሎት በር የተከለከለው መሣሪያ በሕክምና በር ገባ። በጾታ ጥፋት ተፈርዶባቸው በፈተና ጊዜ ላይ ያሉ ልጆች በብዙ የሕክምና ፕሮግራሞች በፖሊግራፍ ይመረመሩ ጀመር። ያልተገለጠ ጥፋት ማወቅ ተጎጂዎችን ለመጠበቅ ይረዳል የሚለው ምክንያት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ነፃነቱ በተቆጣጣሪው እጅ ያለ ልጅ መሣሪያው «ይዞሃል» ሲባል የሚሰጠው ቃል እውነት ይሁን ከፍርሃት የመነጨ፣ መስመሩ አይለይም።

በ2003 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያቀረበው ስሌት ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። ከ10,000 ሠራተኞች 10ሩ ሰላዮች ቢሆኑና ምርመራው 8ቱን እንዲይዝ ቢስተካከል፣ 1,600 ያህል ንጹሓንም አብረው ይጠረጠራሉ። ይህም የመሣሪያው ትክክለኛነት ከፍተኛ ነው ተብሎ ሲገመት ነው። በ2017 የጾታ ጥቃት አድራሾች ሕክምና ማኅበር ከ18 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ፖሊግራፍ እንዳይሠራበት መክሯል።

መለኪያ የሚሠራ ባለሙያ ምን እንደሚለካና በምን ያህል ስሕተት እንደሚለካ የመግለጽ ግዴታ አለበት። የልጅ ነፃነት በሚወሰንበት ስፍራ ይህ ግዴታ እጥፍ ይከብዳል።