የኦሞ ዓሣ ወጊዎችና የኦሊምፒክ ዋናተኞቻችን

ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ሮቤል ኪሮስ የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማጣሪያውን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ። የውጭ ጋዜጦች በሰውነቱ ቀለዱ፤ አገር ቤት ደግሞ አመራረጡ አነጋገረ። በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ ያኔት ስዩም ዋኝታለች፤ በፓሪስ ሊና ዓለማየሁ።

ወይጦ ቆሞ ይህን ለሚያስብ ሰው ጥያቄው ሌላ ነው፦ የውሃ ሰው የሚፈለገው የት ነው? ከኮንሶ ወደ ጂንካ ሲሄዱ የሚያቋርጡት ይህ ሐሩር ሸለቆ፣ የዛሬን አያድርገውና፣ የውሃ አገር ነበር። የወይጦ ወንዝ የሚወርድበት ጨው ባሕር አሁን ጨውና ጭቃ ቢሆንም፣ ከ10 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ዝናባማ ዘመን ጥልቅ ሐይቅ ሆኖ እየሞላ ኦሞ ወደሚገባበት የቱርካና ሐይቅ ይፈስ ነበር። በታችኛው ኦሞ የተገኙት ጥርስ የወጣላቸው የአጥንት ጦሮች ያን ጊዜ በውሃው ዳር ዓሣ ይወጉ የነበሩ ሰዎች ሥራ ናቸው።

ሙያው አልጠፋም። ከኦሞራቴ ከተማ በታች ከዳሰነች ሕዝብ መካከል ከብት ያለቀበት ሰው ኑሮውን ወደ ወንዙ ያዞራል፤ በአንድ ግንድ በተፈለፈለ ጀልባ ሆኖ ዓሣ ይወጋል፣ አዞም ያድናል። የአዞው አደን በሌሊት ነው። የጦሩ ጫፍ ገመድ ስለታሰረበት የተወጋው አውሬ ቢሸሽም አያመልጥም። በደሴቶች አገር ዓሣ ወጊው መነጽር አድርጎ በጠራ ባሕር ይጠልቃል፤ የዓለም ሻምፒዮናም አለው። ኦሞ ግን እንደ ቡና የደፈረሰ ነው፤ ወጊው ከላይ ሆኖ የውሃውን እንቅስቃሴ ማንበብ አለበት። ይህን ችሎታ ማን ሰዓት ይዞለት ያውቃል? ከብት አርቢው ጎረቤቱ እንኳ ዓሣ ወጊውን የሚያየው እንደ ድሃ ነው።

ወንዙን ማወቅ ግን ከወንዙ አያስጥልም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በወንዙ የደለል ደሴቶች ላይ የተከበቡትን ለማውጣት ጀልባና ሄሊኮፕተር ተሰማራ። ስለዚህ እዚህ የዋና ትምህርት ከሜዳሊያ በፊት የነፍስ ጉዳይ ነው።

የዋና ፌዴሬሽኑ ተሰጥኦ ፍለጋ ሲወጣ ኦሞራቴን ይቁጠር። ጂንካም ላይ አንድ ገንዳ ይሠራ፤ አዞ የሌለበት።