ለጊዜው የተተከለ ወንበር

መምህር ኹለት ዐይነት ወንበር አለው። አንዱ በደብር ጸንቶ የሚኖር፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚወረስ ነው። ኹለተኛው በሰው አገር ለጊዜው የሚተከል፣ ዓመት ወይም ኹለት ዓመት ተቀምጠውበት የሚነሡበት ነው። ከአገሩ ወጥቶ ብዙ ዘመን የቈየ ሰው ዛሬ ወደ ቻይና ከተማ ወይም ወደ ሌላ ሩቅ አገር ተሻግሮ በትምህርት ቤት ለጥቂት ጊዜ ሲያስተምር ብንሰማ፣ ነገሩ ዐዲስ ይመስለናል። ዐዲስ ግን አይደለም። ሥርዐቱን ማወቅ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ይመልከት። ዘመኑን ኹሉ የምንጽፈው በፈረንጆች ቍጥር ነው።

በጉና ተራራ ምሥራቅና ደቡብ ያለው ይህ አገር የዜማ አገር ነው። ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ነው፤ በእስቴ በኩል ያለው ቆማ ፋሲለደስም በስሙ የሚጠራ የዜማ ስልት አለው። ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ ዝማሬና መዋሥዕትን በዙር አምባ እንዳስተማረ አበው ይተርካሉ። እንግዲህ በትረካቸው መሠረት፣ የዚያ ታላቅ ወንበር የመጀመሪያው መምህር ራሱ እንግዳ ነበረ ማለት ነው።

በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ በተድባበ ማርያም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘትና የቀሩትም በፊደል ላይ በተቀመጡ ጊዜ፣ ዜማ በብራና ተጽፎ ወደ ሩቅ የሚሄድ ኾነ። የቤተ ልሔም ሊቃውንት ግን “ምልክቱ ተጽፏልና መጽሐፉ ይበቃል” አላሉም። በሌላ አገር ድጓን ለብዙ ዓመት የተማረ ሰው ኹሉ ወደዚያ መጥቶ በቃሉ ይመሰክር ዘንድ ግድ ነው አሉ እንጂ። ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ አኵፋዳውን ተሸክሞ፣ ድጓውን በእጁ ጽፎ ያርማል፤ ቀጸላውንም ከመምህሩ ፊት ይፈጽማል። ከዚህ በኋላ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ቢለምነው ሄዶ ለጊዜው ወንበር ይተክላል። እርሱ ሲሄድ የቤተ ልሔም ወንበር ባዶ አይኾንም፤ ከመምህሩ እግር ሥር ኾኖ ታናናሾቹን የሚያስቀጽል ሌላ ተማሪ አለና።

ይህ ሥርዐት ሦስት ነገር ይዟል፤ ይኸውም የሚልክ፣ የሚመለስበትና የሚተካ ነው። ከባሕር ማዶ ሄደው ያስተማሩ የአገራችን ሰዎች በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ፣ የአንዱ ሥራ ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ይገለጣል።

ከእነርሱ አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነው። የአምሐራ አገር የመካነ ሥላሴ ሰው ሲኾን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ኢየሱሳውያን በተባረሩ ጊዜ ከእነርሱ ጋራ ከአገሩ ወጣ። በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋራ ተገናኘ። በ1652 ደግሞ የጎታ መስፍን ኤርንስት ጠርቶት ጥቂት ወራት በዚያ ከተማ ተቀመጠ። ሉዶልፍም ግዕዝንና አማርኛን፣ የአገሩንም ታሪክ ከእርሱ አፍ ሰማ። በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተሙ። የአውሮፓ ሊቃውንት ኹሉ ከዚህ ምንጭ ጠጡ። መምህሩ ግን መጻሕፍቱን አላየም፤ በ1658 በመርከብ ሲጓዝ በእስክንድሮና አጠገብ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። የላከው አልነበረም፤ የተተካለትም አልነበረም። መጻሕፍቱም በላቲን ተጽፈው ስለ ነበረ ለመካነ ሥላሴ ተማሪ አልደረሱም።

ኹለተኛው አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ነው። በ1861 በቤጌምድር በይፋግ አጠገብ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በምጥዋ አጠገብ በምንኵሉ ከስዊድን ሚስዮን ዘንድ ተማረ፤ መጽሐፈ ሰዋስውም በ1889 በዚያ ታተመለት። በ1905 በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ወደ በርሊን ሄዶ፣ በ1887 በተቋቋመው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማረ። ኦይገን ሚትቮህ የተባለው ሊቅ ከእርሱ ጋራ ሠርቶ ከቃሉ ተማረ። አለቃው በ1908 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ “የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ” የተባለው መጽሐፉም በ1922 በአሥመራ በአማርኛ ታተመ። በ1924 ዐረፈ። ይህ ሰው ላኪ ነበረው፤ መመለሻም ነበረው። ስለዚህ በሰው አገር የሠራው ለሰው አገር ብቻ አልቀረም።

“እነዚህ ሰዎች በሃይማኖት ከእኛ የተለዩ ናቸውና ስለ ምን እናነሣቸዋለን?” የሚል ይኖር ይኾናል። እውነት ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያን ጋራ ወጥቷል፤ አለቃ ታዬም ከሊቃውንት ጋራ ክርክር ገጥሞት መከራም ደርሶበታል። ነገር ግን ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ የወሰደው ግዕዝ የኢየሱሳውያን ግዕዝ አልነበረም። ከአገሩ ጉባኤ ቤት የተቀዳ፣ በቤተ ክርስቲያን አደባባይ የተዘራ ዘር ነበረ። የሚያሳዝነው መጓዙ አይደለም፤ ዘሩን በእጇ ልካ ፍሬውን የምትቀበል፣ ዘሩን የዘራችው እናት አለመኾኗ ነው።

ዛሬ ግዕዝ በውጭ አገር በትልልቅ ትምህርት ቤቶች ይነገራል፤ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ማስተማር መዠመሩን ለአብነት እናንሣ። ይህ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ድጓውን በቤተ ልሔም የሚመሰክር ተማሪ ቢያንስ፣ የባሕር ማዶው ወንበር የጎርጎርዮስ ወንበር ይኾናል፤ ምንጩ ደርቆ ቦዩ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከሊቃውንታችን ለሩቅ አገር ትምህርት ቤት የሚታጭ ሰው ሲገኝ፣ ደብሩ ሦስት ነገር ይጠይቀው፦ ማን ላከህ? መቼ ትመለሳለህ? ወንበርህን ለማን ተውክ? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው በሰላም ይሂድ፤ ለተማሪዎችም ስንቅ የሚያቀርበው ምእመን በጋይንትና በእስቴ የሚቀመጠውን ተተኪ አይርሳ። እንግዳ ወንበር የሚያምረው የቤቱ ወንበር ሳይነሣ ነውና።