ትዝታን ከመሸሽ ወደ መጋፈጥ፦ ከጦርነት የተረፉ ሰዎችን የሚያክመው ትረካ

በሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሀርጌሳ መሃል አንድ ሚግ የጦር አውሮፕላን ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆሞ ይታያል። እ.አ.አ በ1988 የዚያድ ባሬ አየር ኃይል ከተማዋን በቦምብ መደብደቡን የሚያስታውስ ሐውልት ነው። አውሮፕላኖቹ ይነሱ የነበረው ከዚያችው ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ፤ በጅግጅጋ አቅራቢያ የነበረው የሐርትሼክ መጠለያም በወቅቱ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ሆነ።

ከተማዋ የጋራ ትዝታዋን አደባባይ ላይ አቁማዋለች። ከእልቂቱ የተረፈው እያንዳንዱ ሰው ግን የራሱን ትዝታ ብቻውን ይሸከማል።

መሸሽ ለምን አይፈውስም?

ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት፣ ፒቲኤስዲ፣ ያለፈውን አሁን እንደሚሆን አድርጎ ያሳያል። ቅዠት፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥ፣ ክስተቱን ከሚያስታውስ ቦታና ወሬ መራቅ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው።

መራቅ ለጊዜው እፎይታ ይሰጣል። ሆኖም አእምሮ አደጋው ማለፉን እንዳይማር ያግደዋል። እ.አ.አ በ2007 የታተመና ሶማሊላንድን ጨምሮ በተለያዩ አካባቢዎች ከ8,000 በላይ ታጣቂዎችን ያነጋገረ ጥናት፣ የፒቲኤስዲ ምልክት ያለባቸው ሰዎች ጫት አዘውትረው እንደሚቅሙ አሳይቷል። ጫት የጦርነቱን ትዝታ ለመርሳት እንደሚረዳቸውም ተናግረዋል።

ሕክምናው እንዴት ይሰጣል?

የመጋፈጥ ሕክምና ከዚህ ተቃራኒውን መንገድ ይከተላል። ታካሚው ደኅንነቱ በተጠበቀበት ቦታ፣ ከሠለጠነ ሰው ጋር ሆኖ፣ የሸሸውን ትዝታ ደረጃ በደረጃ ይተርካል።

በጀርመን የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ፍራንክ ኖይነር፣ ማጊ ሻወር እና ቶማስ ኤልበርት፣ ዘዴውን ተደጋጋሚ ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች እንዲስማማ አድርገው ቀርጸውታል። ታካሚው ገመድ ዘርግቶ ሕይወቱን ከልደቱ ጀምሮ ያሳያል፤ ለደስታው አበባ፣ ለመከራው ድንጋይ ያኖራል። ከዚያም እያንዳንዱን ድንጋይ በቃል ይተርካል። አማካሪው ትረካውን ጽፎ መልሶ ያነብለታል፤ በመጨረሻም የሕይወት ታሪኩ በጽሑፍ ይሰጠዋል።

ታካሚዎች ምን ይገጥማቸዋል?

አስቸጋሪው ወቅት መጀመሪያው ነው። ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፤ በአንዳንዶች ላይ ቅዠቱ ለጥቂት ጊዜ ይብሳል። በዚህ ምክንያት ‘ቁስልን መነካካት ሰውን ያሸሻል’ የሚል ስጋት አለ።

በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ፣ በናኪቫሌ መጠለያ የተካሄደና እ.አ.አ በ2008 የታተመ ጥናት ይህን ስጋት የሚያጠናክር አልሆነም። በጥናቱ 277 የሶማሊያና የሩዋንዳ ስደተኞች ተሳትፈዋል። አማካሪዎቹም ሥልጠና የወሰዱ ስደተኞች እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም። የትረካ ሕክምናውን ያቋረጡት 4 በመቶ ሲሆኑ፣ ሌላ ዓይነት የምክር አገልግሎት ካገኙት ግን 21 በመቶው አቋርጠዋል።

ከዘጠኝ ወራት በኋላ ትረካውን ከተከታተሉት 70 በመቶው፣ ምክር ካገኙት ደግሞ 65 በመቶው የፒቲኤስዲን መመዘኛ የማያሟሉ ሆነው ተገኙ። ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው ግን ይህ የሆነው ለ37 በመቶው ነው። በውጤት ረገድ በሁለቱ እርዳታዎች መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ እርዳታ በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለው ግን ሰፊ ነው። የአእምሮ ሐኪም እጅግ ጥቂት በሆነበት አካባቢ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው።

ሕክምናው ትዝታን አያጠፋም። የተሳካላቸው ሰዎች የደረሰባቸውን ያስታውሳሉ፤ ነገር ግን ትዝታው ቀንና ቦታ ያለው ያለፈ ታሪክ ይሆናል።

ጥንቃቄ

ሰውን አስገድዶ ማናገር የመጋፈጥ ሕክምና አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከአደጋ ማግሥት የተጎዱ ሰዎችን ሰብስቦ የደረሰባቸውን በዝርዝር እንዲናገሩ ማድረግን አይመክርም። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ወይም የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው አስቀድሞ ለዚያ ሕክምና ማግኘት ይኖርበታል። ትረካው የሚጀመረው ተራፊው ሲፈቅድ ነው፤ ማቆምም መብቱ ነው።