አፍ የሌለው ትል

እስቲ ቀረብ በሉ፣ የሩቅ ባሕር ጉዞ ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1977 ኖር የምትባል የምርምር መርከብ በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ቆማ ነበር። የተሳፈሩባት አለት አጥኚዎች ሲሆኑ፣ የባሕሩ ወለል ተሰንጥቆ ግራና ቀኝ በሚራራቅበት ቦታ ሙቅ ውሃ ይፈልቃል ብለው ፍለጋ መምጣታቸው ነው። የአፋርን ምድር የሚያላቅቀውም ያው ዓይነት ጉልበት ነውና ነገሩ ለእኛም ባዳ አይደለም።

መጀመሪያ ካሜራ በገመድ አወረዱና በጨለማው ጎተቱት፤ ከዚያም ቴርሞሜትሩ ለአፍታ ሙቀት አሳየ፤ ከዚያም ፊልሙን አጥበው ቢያዩት፣ ጭር ያለው ወለል ሙቀቱ በታየበት ቅጽበት በነጫጭ ዛጎሎች ተሞልቶ አገኙት። ከዚያም ሦስት ሰዎች አልቪን በምትባል ትንሽ ጠላቂ መርከብ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀው ወረዱ፤ ሰማያዊው ውሃ ጠቆረ፣ ብርሃን ጠፋ፣ ብርዱም በረታ፣ እነሱም ወደ 2,500 ሜትር እስኪደርሱ ዝም ብለው ወረዱ።

በዚያው ሰሞን ደጋግመው ሲወርዱ፣ ከስንጥቁ በሚወጣው ለብ ያለ ውሃ ዙሪያ ነጭ ቱቦ ለብሰው የቆሙ ትሎች አዩ። ቁመታቸው 2 ሜትር የሚደርስ ነው፤ ከቱቦው አናት ላይ ደም የሞላው ቀይ ላባ ብቅ ይላል። ከመካከላቸው እንስሳ አጥኚ አልነበረም፤ ማቆያ መድኃኒቱም ጥቂት ስለነበር፣ ያገኙትን ፍጥረት ፓናማ ላይ በገዙት የሩሲያ ቮድካ ውስጥ ነክረው ይዘውት ተመለሱ። ያን ብልሃታቸውን ሳልመርቅ አላልፍም።

ትሉ ዋሽንግተን፣ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ደረሰ፤ ሜሬዲት ጆንስ የተባሉ ሊቅም ቀደው መረመሩት፤ አፍ የለውም፣ ሆድ ዕቃ የለውም፣ መውጫም የለው። ታዲያ ይህን የሚያህል አካል ምን በልቶ ቆመ?

በ1980 ጆንስ ሃርቫርድ ላይ ስለ ትሉ ሲያስተምሩ፣ በሰውነቱ ውስጥ የድኝ ቅንጣት መገኘቱን አነሱ። ከአድማጮቹ መካከል ኮሊን ካቫና የምትባል የመጀመሪያ ዓመት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበረችና ብድግ አለች፤ ትሉን ከድኝ ኃይል የሚያወጡ ባክቴሪያዎች እየመገቡት መሆን አለበት ብላም ተናገረች። እሳቸው ወዲያው ባያምኑም ሥጋውን ቆርሰው ሰጧት፤ እሷም መረመረችው፤ በ1981 ማስረጃው ታተመ። አንድ ጀማሪ በሊቃውንት ፊት ተነሥቶ ለመናገር መድፈሩ፣ ሊቁም ሳያምኑ መስጠታቸው፣ ሁለቱም ያኮራል።

አሁን ውስጡን ስሙ። ከስንጥቁ የሚወጣው ውሃ በሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተሞላ ነው፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው፤ እስትንፋስ አግዶ የሚገድል መርዝ ነው። የትሉ ደም ግን ኦክስጅኑንና መርዙን ለየብቻ ይዞ፣ እርስ በርስ ሳያነካካ፣ ሆድ ሊሆን በሚገባው ቦታ ወዳለው ሥጋ ያደርሳቸዋል፤ በዚያም በእያንዳንዱ ግራም ሥጋ ውስጥ ያሉ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች መርዙን በኦክስጅኑ አቃጥለው፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግብ ይሠራሉ። አንዱ መሬቱን፣ ሌላው ጉልበቱን አዋጥተው እኩል እንደሚያርሱ ጎረቤቶች ናቸው። ፀሐይ ግን ፈጽማ አልተረሳችም፤ ያ ኦክስጅን ከላይ በብርሃን ከሚኖሩት ፍጥረታት የመጣ ነው።

የሚገርመኝ ሌላም አለ። ትሉ ሲወለድ ባክቴሪያ የለውም። ከውሃው መጥተው በቆዳው ይገቡበታል፤ ከዚያም ለአጭር ጊዜ የነበረው ትንሽ አፉና ሆዱ ይጠፋል። ትሉ ሲሞት ደግሞ በሕይወት ያሉት ባክቴሪያዎች ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ፤ ለሚመጣው ልጅ እዚያው ይቆያሉ።

መቆየታቸውም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቤታቸው የሚጸና አይደለም። በ1979 ተመራማሪዎች የጽጌረዳ አትክልት ቦታ ብለው የሰየሙት አንድ የትሎች መንደር ነበር፤ በ2002 ሊጎበኙት ሲመለሱ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ውጦት ጠበቃቸው። ትንሽ አለፍ ብለው ሲፈልጉ ግን በአዲሱ አለት ስንጥቅ ላይ ገና ያላደጉ ትሎች አገኙ፤ ቦታውንም የጽጌረዳ እምቡጥ አሉት።