ላም አለኝ በሰማይ?

«ጭሱ ያነሰ፣ ነዳጅ የሚቆጥብ አዲስ ሞተር መጣ!» ሲባል ያጠራቀማትን ይዞ አክሲዮን ለመግዛት የሚሮጥ አይጠፋም። እኛ ግን መጀመሪያ የአውስትራሊያዊውን ራልፍ ሳሪች ታሪክ እንይ እንላለን።

ሳሪች እ.ኤ.አ. በ1972 «ኦርቢታል» የተባለውን ሞተሩን ለሕዝብ አሳየ። አገር ጉድ አለ፤ ግዙፉ የማዕድን ኩባንያ ቢኤችፒም ገንዘቡን አፈሰሰ። ሞተሩን ማቀዝቀዝና ጋዙ እንዳያመልጥ ማሸግ ግን አስቸገረ፤ ለሽያጭ በቀረበ መኪና ላይ ሳይገጠም ቀረ።

ኩባንያው ተስፋ አልቆረጠም። ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ፣ ሳይቃጠል የሚወጣውን የሚቀንስ ቱ ስትሮክ ሞተር ሠራ። ይሄኛውስ ሠርቷል! ፎርድ ሞከረው፤ በ1991 አክሲዮኑ ኒውዮርክ ገበያ ገባ።

ታዲያ መኪና አምራቾች ለምን አልወሰዱትም? ፋብሪካቸው የተተከለው ለፎር ስትሮክ ነው፤ የእሱን ጭስ ደግሞ ካታሊስት ያጣራዋል። የኦርቢታል ቴክኖሎጂ የኋላ ኋላ ገበያ ያገኘው በጀልባ ሞተሮች ላይ ነው። ሳሪች ራሱ ድርሻውን ሸጦ ፊቱን ወደ ሕንፃና መሬት አዞረ።

ስለዚህ «ሞተሩ ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ማን ፋብሪካውን አፍርሶ ይሠራዋል?» እንበል። መልስ ከሌለ ብራችን ኪሳችን ውስጥ ይቆይ።